የጥይቱ ሌላው ግማሽ

የባሌን አባት ላስተዋውቃችሁ ካልኩ ከሽታቸው ልጀምር። ሰውየው ገና በሩን ሳይገፉ ሽታቸው ቀድሞ ገብቶ ይቀመጣል። የደም ሽታ፣ የእርጥብ ቆዳ ሽታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የበረኪናና የሳሙና ሽታ። ሃያ ሁለት ዓመት አጋዘን ሲገፍፉ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ደም ሲያጥቡ ያ ሁሉ ውሃ ፈስሶ ሽታው ንቅንቅ አላለም። እኔም እዚያው አብሬያቸው ስለምሠራ ይለመዳል ትሉ ይሆናል። አይለመድም። የአምስት ወር እርጉዝ ሆናችሁ ሞክሩትና ንገሩኝ። ኤጭ!

የምንሠራበት ቤት ተራ ሉካንዳ አይደለም። አዳኞች የገደሉትን አጋዘን በመኪና ጭነው አምጥተው፣ ተቆርጦና ተጠቅልሎ በካርቶን ይዘውት የሚሄዱበት ቤት ነው። ከፊት ባንኮኒ፣ ሚዛንና ሁለት ትልልቅ ፍሪዘሮች አሉ። ከጀርባ ደግሞ ግድግዳው እስከ ጣሪያ ነጭ ሴራሚክ የለበሰ ክፍል አለ፤ ከላይ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ብረት፣ ወለሉ መሐል የፍሳሽ ቀዳዳ፣ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ የውሃ ጎማ። አባባ ይገፍፋሉ፣ ብልት ያወጣሉ። እኔ እፈጫለሁ፣ እጠቀልላለሁ፣ በየጥቅሉ ላይ ቀኑን፣ የሥጋውን ዓይነትና የባለቤቱን ምልክት እጽፋለሁ። ጽሕፈቷ እንዴት ያምራል ይሉኛል። እሱንም ጉድ በኋላ ትሰሙታላችሁ።

አዳኞቹ አባባን "አቶ ንጹህ" ነው የሚሏቸው። ሌላው ቆራጭ ቢላውን በሽርጡ ጠርጎ ይቀጥላል፤ እሳቸው ግን አንድ አጋዘን እስኪጨርሱ ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ። የመጣው ሥጋ ሁሉ ደግሞ በጎማ ይታጠባል፣ በተለይ ጥይት የገባበት። "ውሃ የማያወጣው ነገር የለም" የዘወትር ቃላቸው ናት። ቤትም ያው ናቸው። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከሳምንቱ አምስቱን ቀን መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ "እጅሽን ታጠብሽ?" የሚለውን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ የምመልሰው እኔ ብቻዬን ነኝ።

"አባባ፣ እጄ በመታጠብ ብዛት አለቀ እኮ!" እላቸዋለሁ።

"ያላለቀውን ታጠቢያ" ይሉኛል፣ ፈገግ ሳይሉ።

በሥራ ቤታችን አንድ ደንብ ነበር፤ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። ጥይት ያረፈበት ወርች የቆራጩ ነው። አዳኙ ታፋውን፣ ሽንጡን፣ ጎድኑን ይወስዳል። ደም የቋጠረውን፣ አጥንቱ የደቀቀውን፣ ፀጉር የተለጠፈበትን የፊት እግር ሲያይ ግን ፊቱን ያጨማድድና "ጋሼ፣ ይሄንን እርስዎ ይውሰዱት" ይላል፣ ልክ ውለታ እንደዋለ ሰው ደረቱን ነፍቶ። ገድሎ ያበላሸውን ሥጋ መጸየፍስ የሱ ነበር እንዴ? የሚጣል ነገር ሰጥቶ ቸር መባል ምንኛ ደስ ይላል! አባባ የጠቆረውን ገፈው ይጥላሉ፣ የተረፈውን ነጭ እስኪሆን በጎማ ያጥባሉ፣ እኔ እፈጨዋለሁ፣ ከዚያም በዚያ ባማረ ጽሕፈቴ "ለቤት" ብዬ እጽፍበታለሁ። የቤታችን ፍሪዘር ከላይ እስከ ታች "ለቤት" ነው።

የሚበላውስ ማን መሰላችሁ? ባሌ መንገድ ላይ ነው የሚበላው። አባባ ቀኑን ሙሉ ሲቆርጡት ውለው ሥጋ አይወርድላቸውም፣ ድንችና ዳቦ ይበቃቸዋል። የምበላው እኔ ነኝ። ከመኮሮኒ ጋር፣ ከድንች ጋር፣ በዳቦ መሐል። "ብዪ፣ ደም ይሆንሻል" እያሉ ሳህኑን ወደኔ የሚገፉት እሳቸው ናቸው። ምክንያት አላቸው። ካቻምና የመጀመሪያው ጽንሴ በአራተኛ ወሩ ወርዶብኛል። ያኔም እያበሉኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን "ደም አንሶሽ ነው፣ እኔ ነኝ በቅጡ ያላበላሁሽ" ብለው እጥፍ አደረጉት። እኔም ይሄኛውን አላጣውም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ሥጋው ቢያቅለሸልሸኝም አፍንጫዬን ይዤ እውጠው ነበር። ከዚህ ልጅ በላይ ዓለም ላይ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

አባባ በዕድሜያቸው አንድ ጥይት ተኩሰው አያውቁም። ስለ ጥይት ግን እሳቸውን የሚያህል አዋቂ አላየሁም። አዳኙ የሚያውቀው ከአፈሙዙ ወዲህ ያለውን ነው፤ ቆዳው ሲገለጥ ያለውን የሚያዩት እሳቸው ናቸው። "አዳኝ ይዋሻል፣ በድን አይዋሽም" ይላሉ። አንዱ አዳኝ መጥቶ "ሦስት መቶ ሜትር ላይ ቆማ ነው የመታኋት፣ ልቧን!" ብሎ ሲፎክር፣ አባባ ቆዳውን ገለጥ አድርገው ዐዩና "ልቧ ከጭራዋ ሥር ነው እንዴ ያለው?" አሉት። ስትሮጥ ከኋላዋ መትቷት ጥይቱ ጨጓራዋን አቋርጦ ነበር። ሆዷ ሲከፈት ያ አረንጓዴ እዥ ወለሉ ላይ ሲፈስ፣ ሽታው... ይቅርባችሁ። የዚያን ቀን ምሳዬን የበላው የፍሳሹ ቀዳዳ ነው።

እንዲህ እያልኩ ሳልወድ በግዴ ብዙ ነገር ተማርኩ። ከባድና ዘገም ያለ ጥይት ከትከሻው ኋላ ሳንባዋ ላይ ሲያርፍ አውራ ጣት በሚያህል ቀዳዳ ገብቶ ትንሽ ሰፋ ባለ ቀዳዳ ይወጣል። አጋዘኗ ጥቂት ሮጣ ትወድቃለች፣ የሚጣለው የአንድ መዳፍ ያህል ጎድን ነው። አባባ "የዚህን ሰውዬ ሥጋ እስከ ቀዳዳው ጫፍ ትበዪዋለሽ" ይላሉ። ቀላሉና እንደ መብረቅ የሚሮጠው ጥይት ግን፣ በተለይ ቅርብ ሆና የትከሻ አጥንቷን ካገኘው፣ እዚያው ይበተናል። ከውጭ ስታዩት ትንሽ ቀዳዳ ናት። ቆዳውን ስትገፍፉት ግን ውስጡ ማርማላታ ነው፤ የረጋ ደም በጡንቻና በጡንቻ መሐል ተንሸራቶ እስከ አንገት ይደርሳል፣ የአጥንቱ ስብርባሪ እንደ መርፌ ይወጋል። አዳኙ ግን ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ "ባለችበት ድፍት አለች!" እያለ ያወራል።

አባባ ከሥጋው ውስጥ ያገኙትን የጥይት ራስ አጥበው በአንድ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ያቺ ጣሳ መስኮቱ ላይ ናት። አንዱ እንጉዳይ መስሎ ተከፍቷል፣ አንዱ እንደተረገጠ ቁልፍ ተጠፍጥፏል፣ አንዳንዱ ደግሞ የላይኛው የመዳብ ልብሱ ብቻ ቀርቶ ውስጡ ባዶ ነው። አዳኞች ሲመጡ ጣሳዋን ያንቃጭሉላቸዋል፤ እንደ ልጆች ከበው ያንተ ነው፣ የኔ ነው ይባባላሉ። ትልልቅ ሰዎች እኮ ናቸው።

ከነዚህ ሁሉ ሁለቱ አይዋደዱም ነበር። አንደኛው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ረጅም፣ አፈ ሰፊ፣ በሁለት ቃል አንዴ "ዋናው ፍጥነት ነው" ስለሚል ስሙን "ፍጥነት" ብለነዋል። ሁለተኛው የእንስሳት ሐኪም ቤት ውስጥ የውሻና የላም ራጅ የሚያነሳ፣ አጭር፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እሱን "ራጁ" ነው የምንለው። ራጁ የሚተኩሰው ጥይት እርሳስ የለበትም፣ ከራስ እስከ እግሩ መዳብ ነው። የአምስት ወር እርጉዝ በሆንኩ ሰሞን አንድ ጠዋት ሁለቱም አጋዘን ይዘው መጡና ባንኮኒው ላይ ተገናኙ።

"አየሃት የኔን?" አለ ፍጥነት። "አንድ እርምጃ አልተራመደችም! ጥይቱ እንደነካት ውስጧ ተበተነ። ይሄ ነው ርኅራኄ ማለት።"

"የኔም ወድቃለች" አለ ራጁ፣ ቀስ ብሎ። "ሠላሳ እርምጃ ሮጣ ወደቀች። ግን የኔ ጥይት ገብቶ ይወጣል፤ ያንተ ገብቶ ይቀራል።"

"ይቅራ! ምን ቸገረህ? አቶ ንጹህ ያወጡት የለ?"

"የሚታየውን ነው የሚያወጡት።"

አባባ ከውስጥ ሰምተዋል። ቢላቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሳቸው እጅ የወጣ ሥጋ ላይ ጣቱን የቀሰረ ሰው አልነበረም።

"ምን አልክ አንተ?"

"ጋሼ፣ እርስዎን ለመንካት አይደለም" አለ ራጁ። "እርሳስ ለስላሳ ነው። በዚያ ፍጥነት አጥንት ሲመታ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ዓይን አያየውም፣ ጥርስም አያገኘውም።"

"ውሃ ያገኘዋል!" አሉ አባባ። ከዚያ ቢላቸውን ወደ ጣሪያው መንጠቆ ቀሰሩ። "የዚህን ሰውዬ አጋዘን ውሰድና በመሣሪያህ እየው። ከዚያ አምጣልኝና ልጠበው። ካጠብኩት በኋላ ደግመህ እይ። ያኔ አንዲት ቅንጣት ካገኘህ ይቺን ቢላ እዚያ ሰቅዬ ቤቴ እገባለሁ።"

ፍጥነት አጨበጨበ። እኔም ሳቅሁ፤ አማቴ ሲያመርሩ ያስቁኛል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፣ አይደል የሚባለው?

ራጁ የፍጥነትን አጋዘን የፊት ግማሽ በላስቲክ ጠቅልሎ ወሰደና ራጅ አንስቶት ከሰዓት በኋላ መለሰው። አባባ ያን ዕለት እንዳጠቡት አጥበው አያውቁም። መንጠቆው ላይ ሰቅለው የጎማውን አፍ በአውራ ጣታቸው ጨቁነው ከቀዳዳው ጀምረው ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ታች፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ። ውሃው መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ሮዝ፣ በመጨረሻ የሚጠጣ መስሎ ወረደ። ሥጋው ነጣ። "በል ውሰደው" አሉት ላባቸውን እየጠረጉ። ሸሚዛቸው ሁሉ በስብሶ ነበር፣ ደስታቸው ግን የልጅ ደስታ ነበር።

በማግስቱ ራጁ ሁለት የራጅ ፊልም ይዞ መጣ፤ ፍጥነትም ውርርዱን ሊያይ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ደስ ብሎት አልነበረም፤ ያሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር። የመጀመሪያውን መስኮቱ ላይ ለጠፈው። ቀዳዳው ዙሪያ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል፤ ነጫጭ ቅንጣት፣ የአንድ መዳፍ ስፋት ላይ ተሰብስቦ። "ከመታጠቡ በፊት ይሄ ነው። የአጥንት ስብርባሪም አለበት፤ ይሄ ደማቅ ነጩ ግን እርሳሱ ነው" አለ። ከዚያ ሁለተኛውን ለጠፈ።

ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጨው ሳስቷል። ግን ጎድኑ ላይ አለ። ፍሪምባው ላይ አለ። እግሩን ተከትሎ እስከ ጉልበቱ ወርዷል። አባባ ጠጋ ብለው በጣታቸው መከተል ጀመሩ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ታች። ጣታቸው የሚሄድበትን መንገድ አውቀዋለሁ። ትናንት ጎማው የሄደበት መንገድ ነው።

"አጥቤ..." አሉ። "አጥቤ በተንኩት?"

"አንዳንዱን ያወጣል ጋሼ። የቀረውን ደግሞ ወደ ንጹሁ ሥጋ ይገፋዋል፤ እርሳስ መርዝ ነው።"

ከዚያ ራጁ ጣሳዋን ለመናቸው። የቅመም መመዘኛችንን ትንሿን ሚዛን አወጣሁለት። ፍጥነት ጥይቱን ቤቱ ራሱ ስለሚሞላ ከኪሱ ያልተተኮሰ የጥይት ራስ አውጥቶ ሰጠ፤ እሱም ገና አልገባውም ነበር። አዲሱ አሥር ግራም መዘነ። ከጣሳው የወጣው፣ ያው ዓይነት፣ አራት ግራም ተኩል። ሌላ ሞከረ፣ አምስት። ሌላ፣ ሦስት።

"ታዲያ ሌላው ግማሽ የት ገባ?" አለ ራጁ።

ይሄንን ጥያቄ አባባ ያንን ሁሉ ዓመት ጣሳዋን ሲያንቃጭሉ አንድ ቀን ጠይቀውት አያውቁም። የተጠፈጠፈውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ባዶ የቀረውን ዕለት ዕለት በእጃቸው እየነኩ አልጠየቁም። "በወዲያ በኩል የወጣ ነበር የሚመስለኝ" አሉ። ከዚያ ዞረው ዐዩኝ። ፊቴን አይደለም ያዩት። ሆዴን ነው።

ሮጬ የፍሳሹ ቀዳዳ ላይ ተንበረከክሁ። ጨጓራዬ ባዶ እስኪሆን፣ ከዚያም በኋላ አስመለሰኝ። የበላሁት እያንዳንዱ የመኮሮኒ ሳህን በአፌ ሊመለስ የፈለገ መሰለኝ። ወለሉ ላይ ተደፍቼ ከባንኮኒው በኩል የፍጥነትን ድምፅ እሰማለሁ።

"ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ውሰዱ አልኩ እንጂ ብሉ አልኩ?" ይላል። ዓይን አውጣ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ ተኳሹ እሱ፣ ሥጋውን ተጸይፎ የሰጠ እሱ፣ የምትመታው እኔ።

ጩኸቱን ሰምቶ የሥራ ቤታችን ባለቤት ከቢሮው ወጣ። ፊልሙን ዐየ፣ ሚዛኑን ዐየ፣ እኔንም ዐየኝ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን መሰላችሁ? የፊት በሩን ቆለፈ።

"በቃ፣ ፊልሙን አንሱት" አለ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ታመምኩ ብሎ የመጣ ሰው አለ? ዓይን ያላየውን ሆድ አይጸየፈውም። የአደን ወቅቱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ከዚያ በኋላ ረጋ ብለን እንነጋገራለን። እስከዚያው ማጠቡን ትንሽ ቀነስ ማድረግ ነው።"

"መቀነስ?" አሉ አባባ።

"አዎ፣ መቀነስ። ደግሞ ለደንበኛ ትንፍሽ እንዳትሉ።"

አባባ ሽርጣቸውን ፈቱና አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቢላቸውን አንስተው፣ በእግራቸው ጣት ቆመው፣ መንጠቆው ላይ አንጠለጠሉት። ባለቤቱ ሳቀ፤ "ሰኞ ትመጣለህ" አላቸው። አባባ ጣሳዋን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው እኔን ክንዴን ደግፈው በጓሮ በር ይዘውኝ ወጡ። መንገዱን ሁሉ ጣሳዋ ትንቃጨል ነበር። ያን ድምፅ መቼም አልረሳውም።

ቤት እንደገባን ፈነዳሁ። እውነቱን ልናገር፣ ለአማት የማይባል ነገር ነው የተናገርኩት። "ዕድሜዎን ሙሉ ውሃ ውሃ እያሉ መርዝ ሲረጩ! ብዪ ብዪ እያሉ በእጅዎ ሲያጎርሱኝ!" አልኳቸው። ፍሪዘሩን ከፍቼ አንዱን "ለቤት" አወጣሁና ወለሉ ላይ ወረወርኩት፤ እንደ ድንጋይ ጮኸ። ራሴንም ነበር የተጸየፍኩት። መፍጫው ውስጥ የጨመርኩት እኔ፣ የጠቀለልኩት እኔ፣ ጽሕፈቱ የኔ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ባሌ በስልክ "አባባን ምንም እንዳትናገሪያቸው" ያለኝ ግን ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነበር።

እርግዝናዬን የምትከታተለው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ደም ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ አራት ቀን ቆየ፤ አራቱን ቀን ከአባባ ጋር አልተነጋገርንም። ሆዴን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ሲንቀሳቀስ እቆጥራለሁ፣ ዝም ሲል እሞታለሁ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚለው ነገር ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር።

ዓርብ ዕለት ሐኪሟ ወረቀቱን ዘርግታ አስረዳችኝ። እርሳስ ደሜ ውስጥ አለ። መኖር ከሚገባው በላይ ነው፣ ግን የፈራሁትን ያህል አይደለም። ያንን ሥጋ ዛሬ ማቆም፣ የሰጠችኝን ኪኒን መዋጥ፣ በየወሩ ደም መስጠት። የልጁ የልብ ምት ደህና ነው። "በጊዜ ደርሰሻል" አለችኝ። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረኝ። "ያኛውስ?" አልኳት። "የካቻምናው?" "ጽንስ በብዙ ምክንያት ይወርዳል" አለች። "ያኔ የተወሰደ ደም የለም። አሁን ማንም ሊነግርሽ አይችልም።"

አባባ ሳሎን ተቀምጠው ጠበቁኝ። ወረቀቱን ሰጠኋቸውና ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የመጨረሻውንም ጥያቄና መልስ ሳልደብቅ። ይቆጭዎት ብዬ ነበር የነገርኳቸው፣ አልዋሽም። "ልጁ ደህና ነው?" አሉኝ ብቻ። "እስካሁን ደህና ነው" አልኳቸው። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እሑድ ጠዋት ተነስቼ ወደ ማዕድ ቤት ስገባ ፍሪዘሩ ባዶ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ በረዶው ይንጠባጠባል። ጥቅሎቹ ሁሉ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ታስረው በር አጠገብ ተደርድረዋል፤ ውሻ እንዳያገኛቸው ሊቀብሯቸው ነው። አንዱ ብቻ ተለይቶ ጠረጴዛው ላይ ተፈቷል። አባባ መነጽራቸውን አድርገው የቀለጠውን የተፈጨ ሥጋ ትሪ ላይ ዘርግተው በጣታቸው ቁንጥር ቁንጥር እያደረጉ ያሻሉ። እጃቸው እስከ አንጓው በደምና በስብ ተለውሷል። አጠገባቸው የስኒ ማስቀመጫ አለ። ሥጋው አርጅቶ ጠቁሯል፣ የተበላሸ ስብ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። አፌን ያዝኩ።

"አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው? ኧረ ይጣሉት!"

"ከሥር ነው ያገኘሁት" አሉ ቀና ሳይሉ። "ከፍሪዘሩ ከሥር፣ በረዶ ይዞት።"

መጠቅለያውን አነሳሁት። ያ ያማረ ጽሕፈት። "ለቤት" ይላል፣ ከሥሩ ቀኑ አለ። ቀኑን ደግሜ ሳላነበው አወቅሁት። ካቻምና፣ ያኛው ጽንስ ሦስተኛ ወሩ ላይ ሳለ የፈጨሁት ነው። ያኔ ከአንድ አጋዘን ሰባት ጥቅል ወጥቶ ነበር። ስድስቱን በልቻለሁ።

ስኒ ማስቀመጫው ላይ ግራጫ ቅንጣቶች አሉ፤ ከአሸዋ የማይበልጡ። ሦስት ናቸው። ከንጋት በፊት ጀምረው ያን ሁሉ ሥጋ በጣታቸው ፈትሸው ያገኙት ያንን ነው።

አባባ የመጨረሻዋን ቁንጥር አሽተው ትሪው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ መነጽራቸውን በክንዳቸው ወደ ላይ ገፍተው ዐዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"አንቺ ተምረሻል" አሉኝ። "ሦስት ብዙ ነው?"

አራት ቀን ሙሉ ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ሥጋው ገማኝ፣ ትሪው ገማኝ፣ የገዛ ጽሕፈቴ ገማኝ። የሽማግሌውን ፊት ዐየሁ።

"አላውቅም አባባ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነስተው፣ እጃቸውን ፊት ለፊት ዘርግተው ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንደሚሄዱት። እዚያ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ያ የተለወሰ እጅ ከቧንቧው በላይ አየር ላይ ቀረ፤ መክፈቻውን ሊነኩት አልቻሉም።

ሄጄ ውሃውን እኔ ከፈትኩላቸው።